ለቤተሰብ የሚሆን አውቶሞቢል አመራረጥና የካምቢዮው ጉዳይ

ቤት የሚገዛ ሰው ግድግዳውን መትቶ፣ ጣራውን አይቶ፣ የመሠረቱን ጥንካሬ ጠይቆ ይገዛል። አውቶሞቢል የሚገዛ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የቀለሙን ማማር፣ የመቀመጫውን ምቾትና የበሩን አከፋፈት ተመልክቶ ገንዘቡን ቈጥሮ ያስረክባል። ይሁን እንጂ ለአንድ ቤተሰብ ከመኖሪያ ቤቱ ቀጥሎ ከፍ ያለ ገንዘብ የሚወጣበት ንብረት አብዛኛውን ጊዜ አውቶሞቢል ስለ ሆነ፣ ከቤቱ ባላነሰ ጥንቃቄ ሊመረመር ይገባል።

በተለይም ልጆች የበዙለት ወይም አረጋውያን ወላጆቹን የሚጦር ሰው የሚፈልገው ሰባት ወይም ስምንት ሰው የሚይዘውንና ሚኒቫን የሚባለውን ዓይነት ነው። ይህን ዓይነት አውቶሞቢል ሞተሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ከመንገድ ከሚያስቀሩትና ባለቤቱን ለከባድ ወጪ ከሚዳርጉት ነገሮች ዋነኛው የካምቢዮ ብልሽት ነው። ካምቢዮ ደግሞ ከውጭ የማይታይ፣ በአንድ ቀን ሳይሆን ቀስ በቀስ የሚደክም ዕቃ ስለ ሆነ፣ ገዥው የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ዋጋውን ከከፈለ በኋላ ነው። ስለዚህ የካምቢዮውን አሠራር፣ የሚጎዳበትን ምክንያትና ከመግዛት በፊት የሚመረመርበትን ዘዴ፣ ለከተማው ነዋሪዎችም ሆነ ለመሥሪያ ቤታቸው አውቶሞቢል ለሚያስገዙ ኃላፊዎች ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ካምቢዮ የሚሠራው ሥራ

ካምቢዮ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው መለወጥ ማለት ነው። ፍሪሲዮንና ማርሽ የሚሉትም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። በእርግጥም የካምቢዮ ሥራ የሞተሩን ኀይል እንደ መንገዱ ሁኔታ መለዋወጥ ነው። ሞተር ደኅና ጉልበት የሚሰጠው በተወሰነ ፍጥነት ሲሽከረከር ነው፤ መንገዱ ግን አንድ ጊዜ ዳገት፣ አንድ ጊዜ ሜዳ፣ አንድ ጊዜ ቁልቁለት ይሆናል። ሸክም የያዘ ሰው ዳገት ሲወጣ እርምጃውን እንደሚያሳጥር፣ ሜዳ ሲደርስም እንደሚያስረዝም ሁሉ፣ አውቶሞቢልም በ1ኛ ማርሽ ፍጥነቱን ሰጥቶ ጉልበት ይገዛል፤ በ5ኛ ማርሽ ደግሞ ጉልበቱን ሰጥቶ ፍጥነት ይገዛል። ይህን ልውውጥ የሚፈጽመው ካምቢዮ ነው።

በገበያ የሚገኙት ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች አራት ናቸው።

1ኛ/ በእጅ የሚለወጠው ነው። ነጂው ፍሪሲዮኑን ረግጦ ማርሹን ራሱ ይለውጣል። አሠራሩ ቀላል ስለ ሆነ በደንብ ለያዘው ሰው ዕድሜው ረጅም ነው። ቶሎ የሚያልቀው የፍሪሲዮኑ ሸራ ሲሆን፣ እርሱንም በየከተማው ያለ መካኒክ ሊለውጠው ይችላል።

2ኛ/ አውቶማቲክ የሚባለው ነው። በዚህ ዓይነት የሞተሩ ኀይል ወደ ማርሾቹ የሚደርሰው በዘይት አማካይነት ሲሆን፣ ማርሾቹም የሚለወጡት በዘይት ግፊት ነው። እንግዲህ ዘይቱ ኀይልን ያስተላልፋል፣ ብረቱን ያለሰልሳል፣ ሙቀቱንም ያወጣል። አንድ ዘይት ሦስት ሥራ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ እርሱ የተበላሸ እንደ ሆነ ካምቢዮው በሙሉ ይበላሻል።

3ኛ/ ሲቪቲ የሚባለው ነው። ይህ የተቈጠሩ ማርሾች የሉትም፤ በሁለት ፑሌጃዎች መካከል የሚዞር የብረት ቀበቶ አለው። ፑሌጃዎቹ ሲጠቡና ሲሰፉ ፍጥነቱ ሳይቋረጥ ይለወጣል። ነዳጅ ይቈጥባል፣ ለተሳፋሪም ይመቻል። ነገር ግን ቀበቶው በፑሌጃው ላይ አንዴ መንሸራተት ከጀመረ ብረቱ እርስ በርሱ ይፋተጋል፤ ጥገናውም ከሁሉ ይልቅ ከባድ ነው።

4ኛ/ የኤሌክትሪክ ሞተር ባላቸው አውቶሞቢሎች የሚገኘው ነው። በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ያለው አንድ ማርሽ ብቻ ነው። ነዳጅና ኤሌክትሪክ ቀላቅሎ የሚሠራውም፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2021 ሞዴል ጀምሮ በድብልቅ ኀይል ብቻ የሚሠራው ቶዮታ ሲዬና፣ ሞተሮቹን የሚያገናኘው በጥርስ በተያያዙ ማርሾች ነው፤ የሚንሸራተት ቀበቶ የለውም።

ሚኒቫን ስለ ምን ካምቢዮው ይጎዳል?

ብዙዎቹ ሚኒቫኖች የተሠሩት የትንንሽ አውቶሞቢሎች አካል ተለጥጦና ከፍ ተደርጎ ነው። ካምቢዮውም ብዙ ጊዜ አራትና አምስት ሰው ለሚይዘው አውቶሞቢል የታሰበው ወይም ከእርሱ ብዙ የማይለየው ነው። ነገር ግን ስምንት ሰዎች እያንዳንዳቸው በአማካይ 60 ኪሎ ቢመዝኑ 480 ኪሎ ይሆናሉ፤ ከጣራውና ከኋላው 100 ኪሎ ዕቃ ቢጨመር ሸክሙ 580 ኪሎ ይደርሳል። ይህን ሁሉ ይዞ ዳገት የሚወጣው ያው ካምቢዮ ነው።

ሸክም ሲበዛ ሙቀት ይበዛል፤ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ትልቁ ጠላትም ሙቀት ነው። ዘይቱ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲሠራ ብዙ ጊዜ ያገለግላል። ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ሙቀት በጨመረ ቍጥር የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ መካኒኮች በግምት ይናገራሉ። ዘይቱ ሲቃጠል የውስጡ ሸራዎች ይንሸራተታሉ፤ መንሸራተቱ እንደ ገና ሌላ ሙቀት ይወልዳል። በዚህ ዓይነት ጥፋቱ ራሱን እየመገበ ይሄዳል።

ካለፈው የተገኘ ትምህርት

በዚህ ረገድ ትልልቅ ፋብሪካዎችም ተሳስተዋል። የአሜሪካው ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1983 ሚኒቫን ማምረት ከጀመረ በኋላ፣ ለ1989 ሞዴል በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ ባለ አራት ማርሽ አዲስ ካምቢዮ አወጣ። ካምቢዮው ልዩ ዘይት የሚፈልግ ሆኖ ሳለ፣ ሌላ የተለመደ ዘይት ሊተካው ይችላል የሚል መመሪያ ተሰጥቶ ስለ ነበረ፣ ይህ ለብዙ ብልሽት አንዱ ምክንያት ሆነ። ከዚህ የምንማረው የካምቢዮ ዘይት እንደ ውሃ ሁሉም አንድ አለመሆኑን ነው።

በሞተሩ ጥንካሬ የተመሰገነው ሆንዳም እንዲሁ ደረሰበት። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2001 ለተሠሩት ኦዲሲ ለተባሉ ሚኒቫኖች የካምቢዮውን ዋስትና ወደ 7 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎሜትር ያህል ከፍ ለማድረግ ተገደደ። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2004፣ የ2ኛው ማርሽ ጥርስ በሙቀት ሊሰበር ይችላል በመባሉ፣ ኦዲሲን ጨምሮ 1.1 ሚሊዮን ያህል አውቶሞቢሎች ወደ ጋራዥ እንዲመለሱ ጠራ። ጥገናው ለአዲሶቹ አውቶሞቢሎች በማርሹ ላይ ተጨማሪ ዘይት የሚረጭ ቧንቧ መግጠም ነበረ። ችግሩ ከዘይትና ከሙቀት የመጣ መሆኑን ይህ በግልጽ ያሳያል።

ኒሳን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2010 ሞዴል ለሆኑትና ሲቪቲ ለገጠመላቸው አውቶሞቢሎች በአሜሪካ የሰጠውን ዋስትና ወደ 10 ዓመት ከፍ አድርጎታል።

እነዚህን ምሳሌዎች የምንጠቅሰው ፋብሪካዎቹን ለመንቀፍ አይደለም። አንድ ፋብሪካ በአንድ ዘመን ደካማ ካምቢዮ ሠርቶ በሌላ ዘመን ጠንካራ ሊሠራ ስለሚችል፣ «የእገሌ ፋብሪካ ጥሩ ነው» ወይም «መጥፎ ነው» የሚለው ወሬ ብቻውን እንደማይበቃ ለማስረዳት ነው። የሚጠየቀው የተሠራበት ዓመትና የገጠመለት የካምቢዮ ዓይነት ነው።

ከአል-ጣኢፍ እስከ ጎንደር

ከፋብሪካው ሥራ ቀጥሎ የካምቢዮን ዕድሜ የሚወስነው መንገዱ ነው። ይህንም በአንድ ምሳሌ እንመልከት። በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም፣ አል-ጣኢፍ በተባለው ሰፈር፣ ከጦርነቱ በፊት አንድ ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ አባት አራት ልጆች፣ ባለቤቱንና እናቱን ይዞ ይኖር ነበር እንበል። ካርቱም ከባሕር ጠለል በላይ 380 ሜትር ያህል ላይ በዓባይ ዳር የተዘረጋች ሜዳ ናት። በዚያች ከተማ ሕዝቡ አምጃድ እያለ የሚጠራት፣ ሞተርዋ 800 ሲሲ ያህል ብቻ የሆነች ትንሽ ቫን እንኳ ሰው ጭና ስትሮጥ መዋል ትችላለች። ዳገት ስለሌለ ካምቢዮ አይጨነቅም። ያገለገለ ባለ ስምንት መቀመጫ አውቶማቲክ ቢገዛ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ገበያ ሄዶ ሲመለስ ለዓመታት ምንም ጉድለት ላያይበት ይችላል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ብዙ ኢትዮጵያውያንና የሌላ አገር ሰዎች በገዳሪፍና በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሰደዱ። በምሳሌያችን ያለው አባትም ሰባት ሰውና የቻለውን ያህል ዕቃ ጭኖ በዚያው መንገድ ወጣ እንበል። ከካርቱም እስከ ድንበሩ ከ500 ኪሎሜትር በላይ ነው። በዚህ ወራት የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ስለ ሆነ፣ መንገዱ ሜዳ ቢሆንም የካምቢዮው ዘይት ለመቀዝቀዝ ይቸገራል። ከመተማ በኋላ ግን ነገሩ ፈጽሞ ይለወጣል። በገንዳ ውሃና በአይከል አድርጎ ጎንደር እስኪደርስ ባለው 200 ኪሎሜትር ያህል መንገድ ከ1,300 ሜትር በላይ መውጣት አለበት።

ዳገቱ ብቻም አይደለም። ከፍታ በጨመረ ቍጥር አየሩ ስለሚሳሳ፣ አየር የሚያስገባ ልዩ መሣሪያ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ስለ ሆነች፣ እዚያ ሲደርስ የሞተሩ ጉልበት በአንድ አምስተኛ ያህል ቀንሶአል ማለት ነው። ነጂው ቤንዚን አብዝቶ ይረግጣል፤ ካምቢዮው በዝቅተኛ ማርሽ ብዙ ሰዓት ይቈያል፤ ዘይቱ ይግላል። በካርቱም ሜዳ ላይ ለዓመታት ተሸሽጎ የኖረው ድካም በአንድ ከሰዓት በኋላ በዳገቱ መካከል ይገለጻል። የተሰደደ ቤተሰብ በጫካ መንገድ ዳር ከነልጆቹ ቆሞ የሚያድረው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ አውቶሞቢል የሚመረጠው ዘወትር ለሚሄዱበት መንገድ ብቻ መሆን የለበትም። ቤተሰቡን ሁሉ ጭኖ ሊሄድ ለሚችልበት ለአስቸጋሪው መንገድም ይሁን። የሠርግ፣ የለቅሶ፣ የሕመምና የስደት ቀን ቀጠሮ አይሰጥም።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ምርመራ

ያገለገለ አውቶሞቢል የሚገዛ ሰው የሚከተሉትን ነገሮች ሳይፈጽም ቀብድ ባይሰጥ ይሻላል።

1ኛ/ ሞተሩ ቀዝቅዞ እንዳለ ይሂድ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከሆነ ሌላ ቀን ቀጠሮ ይያዝ፤ አንዳንድ ጉድለት የሚታየው በብርድ ብቻ ነውና።

2ኛ/ ፍሬን ረግጦ ማርሹን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይለዋውጥ። ማርሹ ለመያዝ ከአንድ ወይም ከሁለት ሴኮንድ በላይ ከዘገየ ወይም በኀይል ከመታ፣ የካምቢዮው ግፊት ወይም ሸራ ደክሞአል ማለት ነው።

3ኛ/ የዘይት መለኪያ ዘንግ ካለው ዘይቱን አውጥቶ ይመልከት። የአብዛኞቹ አውቶማቲክ ካምቢዮዎች ዘይት አዲስ ሲሆን ቀይና የጠራ ነው። ጠቍሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ወይም የብረት ብናኝ ከታየበት አይግዛ። ዘንግ የሌለው ከሆነ መካኒክ ከሥር ከፍቶ ይይለት።

4ኛ/ ሰው ሞልቶ ዳገት ይውጣ። በአዲስ አበባ ያለ ሰው ወደ እንጦጦ የሚወስደውን መንገድ ሊጠቀም ይችላል፤ በሌላም ከተማ ተመሳሳይ ዳገት አይጠፋም። ሞተሩ እየጮኸ አውቶሞቢሉ ፍጥነት የማይጨምር ከሆነ ካምቢዮው ይንሸራተታል። የሚንቀጠቀጥ ከሆነም እንዲሁ ምልክት ነው። ብቻውን በሜዳ ላይ የሞከረ ሰው አልሞከረም ይባላል።

5ኛ/ ከሩጫው በኋላ አውቶሞቢሉን በንጹሕ ቦታ ወይም በካርቶን ላይ አቁሞ ዘይት የሚያንጠባጥብ መሆኑን ይይ።

6ኛ/ ኮምፒዩተር ባለው ጋራዥ የተመዘገበ የጥፋት ምልክት መኖሩን ያስመርምር። ምልክቱ በዚያው ዕለት ተሰርዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ከሙከራው በፊትም በኋላም ቢታይ መልካም ነው።

7ኛ/ ዘይቱ መቼና በምን ዓይነት እንደ ተለወጠ የሚያስረዳ ደረሰኝ ይጠይቅ። «ይህ ካምቢዮ ዘይት አይለወጥለትም» የሚል መልስ ቢሰጠው፣ እስከ ዛሬ ሳይለወጥ ኖሮአል ማለት መሆኑን ይገንዘብ።

የዓመቱን ምርመራ ማለፉና ቦሎው መለጠፉ በመንገድ ለመሄድ የተፈቀደለት መሆኑን ያሳያል እንጂ፣ ለካምቢዮው ዕድሜ ዋስትና አይሆንም።

የትኛው ይመረጥ?

ዋጋ ሲወዳደር የመግዣው ዋጋ ብቻ አይታይ። ከሁለት አውቶሞቢሎች አንደኛው በ100 እጅ፣ ሁለተኛው በ85 እጅ ዋጋ ቢቀርቡ፣ ሁለተኛው በ15 እጅ የረከሰ ይመስላል። ነገር ግን የሁለተኛው ካምቢዮ የደከመ ቢሆንና ማሳደሻው 25 እጅ የሚጠይቅ ቢሆን፣ ርካሹ በ10 እጅ የተወደደ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ገዥው ከመስማማቱ በፊት ወደ መለዋወጫ ነጋዴ ሄዶ «የዚህ አውቶሞቢል ካምቢዮ ቢበላሽ በስንት ይገኛል? የሚጠግነውስ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ የሚሰጠው ሰው ካጣ፣ እርሱ ራሱ መልስ ነው።

ከከተማ ወጥቶ ዳገትና ጥርጊያ መንገድ ለሚበዛበት ቤተሰብ በእጅ የሚለወጥ ካምቢዮ ያለው ይመረጣል። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የሚሠራው ቶዮታ ሃይስ፣ በአገራችን ሕዝቡ ዶልፊንና አባዱላ እያለ የሚጠራው፣ በታክሲነት ይህን ያህል ዘመን የቈየው የናፍጣ ሞተሩና የእጅ ካምቢዮው ቀላል ስለ ሆኑና መለዋወጫውም በየስፍራው ስለሚገኝ ነው። ምቾቱ ከሚኒቫን ያንሳል፤ ነገር ግን በተበላሸበት ከተማ የሚጠግነው አያጣም።

በከተማ ውስጥ ብቻ ለሚሄድና ፍሪሲዮን መርገጥ ለሚያስቸግረው ሰው አውቶማቲኩ ይስማማል፤ የዘይቱን ለውጥ ግን እንደ ኪራይ ቈጥሮ በጊዜው ይክፈል። ሲቪቲ ያለውን ሰባትና ስምንት ሰው ጭኖ በተራራ አገር ለመንዳት የሚያስብ ሰው ግን ደጋግሞ ቢያስብ ይሻላል።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን ስላስታወቀ፣ የኤሌክትሪኩ ነገርም አብሮ መታየት አለበት። በአገር ውስጥ ያሉት የነዳጅ ሚኒቫኖች እያረጁ ስለሚሄዱ፣ ምርመራው ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኖአል። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ሞተሩ በከፍታ ጉልበቱን አያጣም፤ የካምቢዮውም ጭንቀት ይቀርለታል። ነገር ግን ካምቢዮው ቢቀርም የባትሪው ጥያቄ ይተካል፤ ስለ ካምቢዮ የተባለው ጥንቃቄ ሁሉ ስለ ባትሪው ዕድሜና በመንገድ ላይ ስለሚሞላበት ስፍራ ይደረግ።

ከገዙ በኋላ

ደኅናውን መርጦ የገዛ ሰውም በአያያዝ ሊያጠፋው ይችላል። አውቶሞቢሉ ፈጽሞ ሳይቆም ከፊት ወደ ኋላ ማርሽ አይለወጥ። ዳገት ላይ ሲቆም በፍሬን ይያዝ እንጂ በቤንዚን አይያዝ። በረጅም ቁልቁለት ዝቅተኛ ማርሽ ይጠቀም። ራዲያተሩ ንጹሕ ይሁን፤ በብዙ አውቶማቲኮች የካምቢዮውም ዘይት የሚቀዘቅዘው በእርሱ ነውና። ረጅም ዳገት ሲያጋጥም በየጊዜው ዕረፍት ይሰጠው። አውቶማቲክ ቢበላሽ ነጂ ጎማዎቹ መሬት ላይ ሆነው በገመድ አይጎተት፤ ሞተሩ ካልዞረ ዘይቱ ስለማይዘዋወር ቀሪው ጤናማ ክፍል በጉተታው ይቃጠላል።

ለመሥሪያ ቤት አውቶሞቢል የሚያስገዙ ኃላፊዎችም ይህንኑ ቢከተሉ የሕዝብ ገንዘብ ይድናል። በጨረታው ሰነድ ላይ የመቀመጫው ቍጥርና የሞተሩ መጠን ብቻ ሳይሆን የካምቢዮው ዓይነት፣ የዘይቱ ዓይነትና የመለዋወጫው አቅርቦት ይጻፍ። ለእያንዳንዱ አውቶሞቢል ዘይት የተለወጠበት ቀንና ኪሎሜትር የሚመዘገብበት ደብተር ይኑር።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። አንድ ቀን ለምርመራ የሰጠ ገዥ ያተረፈው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ቤተሰቡን ጭኖ በሌሊት ወደ ሐኪም ቤት ሲሮጥ፣ ወይም ክፉ ቀን መጥቶ ቤቱን ዘግቶ ሲወጣ፣ ማርሹን ሲያስገባ እንደሚይዝለት ያውቃል።